የእንድሪስ ጨረቃ

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን ኮምቦልቻ ድረስ ደውላ የነገረችኝ የዳቦ ቤቷ ዘይነባ ናት። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ ጀመረችና «ጋሽ እንድሪስ አረፉ» አለችኝ። ሳላስበው ከአፌ ያመለጠው ቃል «ማን አየ?» የሚል ነበር። ዘይነባ በለቅሶዋ መሀል ሳቀች። አልተቀየመችኝም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ከሚሴ ውስጥ ወሬ ይዞ ወደ ጋሽ እንድሪስ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነበር። «ቦርከና ሞልቶ መንገድ ዘጋ።» «ማን አየ?» «የነእገሌ ልጅ ከጅዳ መጣች።» «ማን አየ?» ሰውየው «ሲባል ሰምቼ ነው» ካለ እጃቸውን ወደ በሩ ይዘረጉና «እንግዲያ አንተ ሂድና ያየውን ላክልኝ» ይሉታል። ብዙ ኪስ ባለው ሰደርያቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ይህን ሲሉ ዳኛ ይመስላሉ። ከተማው ግን በዚህ ጥያቄያቸው ይስቅ ነበር፤ የሚስቅበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እኔ የፎቶ ቤቱን የፊት ክፍል ግማሽ ተጋርቼ ሞባይል እጠግን ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ስልክ ፈትቼ በመግጠም፣ ገጥሜ በመፍታት ነው የለመድኩት። እንዲህ የለመደ ሰው ደግሞ አንዲት ብሎን ከተረፈችው ምግብ አይበላለትም። ጋሽ እንድሪስ ይህን አይተው «ሚሊሜትር» የሚል ስም አወጡልኝ። እሳቸው በበኩላቸው «ይሄዳል» የሚሉ ሰው ነበሩ። መጋረጃው ቢንጋደድ ይሄዳል፤ የወንበሩ እግር ቢያጥር፣ ካርቶን ከተነጠፈበት ይሄዳል።

ፎቶ ሲያነሱ ግን እንዲህ አልነበሩም። ደንበኛውን «ሳቅ በል» ብለውት አያውቁም። ወንድ ከሆነ «ሚስትህ ዛሬ ጠዋት እንደታረቀችህ ሁን» ይሉታል። ሴት ከሆነች «የጎረቤትሽ ወጥ እንዳረረ ሁኚ» ይሏታል፤ ይቺ ያላሳቀቻት ሴት አላየሁም። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ያነሳሉ። አንዱን አገጭ ሥር፣ ሌላውን ጆሮ ግንድ ላይ ያሳርፉና ጭንቅላቱን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ቀስ እያሉ ይፈልጉታል። «የሰው አንገት ይገፋል» ይሉኝ ነበር። «ወደ ቀኝ ስትገፋው እሱ ወደ ግራ ይገፋል። እልኸኛ ነው። እልሁ ባይኖር ኖሮ ጭንቅላቱ ጭኑ ላይ በወደቀ።»

በገበያ ቀን ወደ ሰንበቴ ከተማ እየወረዱ ያነሱ ነበር። ሐይቅና አውሮፕላን የተሣለበትን ሸራቸውን ጠቅልለው ይሄዱና በሁለት እንጨት ይዘረጉታል። አንድ ቀን ከቆላ ግመል ሊሸጥ የወጣ አፋር ከነግመሉ እንዲያነሱት ጠየቃቸው፤ ከመለያየታቸው በፊት ማስታወሻ ፈልጎ ነው። ጋሽ እንድሪስ ሰውየውን አቁመው ጨረሱና ወደ ግመሉ ዞሩ። ሁለት ጣታቸውን ከመንጋጋው ሥር አሳረፉ። ግመሉ ገፋ። እሳቸውም ገፉ። ግመሉ አፉን ከፍቶ አረንጓዴውን አረፋ ሰደርያቸው ላይ አራገፈው። ጋሽ እንድሪስ አረፋውን ሳይጠርጉ ወደ ገበያተኛው ዞረው «አያችሁ? ይገፋል!» አሉ። ያ ፎቶ በሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ሰውየው ኮስተር ብሎ ወደ ፊት ያያል፤ ግመሉ አንጋጦ አውሮፕላኑን ያያል።

አሁን ከተማው ለምን ይስቅባቸው እንደነበር ልንገራችሁ።

ጋሽ እንድሪስ በወጣትነታቸው በዓይናቸው የታወቁ ነበሩ። የረመዳን ማብቂያ ሲደርስ ዒድን የምታበስረውን የሸዋልን ጨረቃ ለማየት ሰው ወደ ምዕራብ ሲያንጋጥጥ ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው ይባላል። አንድ ዓመት፣ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማታ ምዕራቡ ደመና ለበሰ። ሌላው ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲበተን ጋሽ እንድሪስ ከፎቶ ቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ሆነው በደመናው ቀዳዳ አየኋት አሉ። ማሉም። ያኔ የነበሩት ሼህ ቃላቸውን ተቀበሏቸውና የከተማው ግማሽ በማግስቱ ዒድ አለ። እህል ነጋዴው ሀጂ አወል፣ የጋሽ እንድሪስ አብሮ አደግ፣ ሙክታቸውን አርደው ቤተ ዘመድ ጠርተው በሉ። ረፋዱ ላይ ሬዲዮው ጾሙ ሠላሳ እንደሚሞላ ተናገረ። የበላው ሁሉ አፉን ጠረገ። በኋላም አንድ ቀን ቀዷ፣ የጎደለውን ጾም መክፈያ፣ እንዲጾም ተነገረው።

ከዚያ ወዲህ ከሚሴ ውስጥ «የእንድሪስ ጨረቃ» ማለት የሌለ ነገር ማለት ሆነ። «መብራት መቼ ይመጣል?» «የእንድሪስ ጨረቃ ስትወጣ።» «ልጁ ሥራ አገኘ?» «አዎ፣ የእንድሪስ ጨረቃ አገኘ።» ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንኳ ሁለት ቀን ካደረ ይለምደዋል። ጋሽ እንድሪስ አብረው ይስቁ ነበር፤ አንዳንዴ ራሳቸው ይተርቡበታል። ሱቁ ባዶ ሲሆን ግን የሌንስ መወልወያውን ጨርቅ ሳያስፈልግ ያጥፉትና ይዘረጉት ነበር። «አይቻታለሁ ሚሊሜትር» ይሉኛል። «ቀጭን ነበረች። ግን አይቻታለሁ።» የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይናቸው ሳይደክም አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ ጨረቃን ቀድመው አይተው መታመን።

ዓይናቸው ግን ደክሞ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከፎቶዎቹ ነው። መጀመሪያ የደንበኛው ጆሮ ጠርቶ አፍንጫው ይደበዝዝ ጀመር፤ ቀጥሎ የጠራው ከኋላ ያለው አውሮፕላን ሆነ። ደሴ ሄደው ተመረመሩ። ሲመለሱ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። «ሞራ ነው አለኝ ሐኪሙ። ሁለቱም ላይ። እኔ ሞራ የማውቀው በበግ ሆድ ውስጥ ነው!»

«በቀዶ ሕክምና ይነሳል ይባላል» አልኳቸው።

«ዓይኔ ላይ ቢላዋ? ወላሂ፣ ሀጂ አወል ይህን ከሰማ ሙክት አደረጉህ ይለኛል።»

በዚህ መሀል ጅዳ ያለችው የእህታቸው ልጅ ለእረፍት ልትመጣ ስትል ምን ላምጣልዎ አለቻቸው። ሌላው ሰው ብርድ ልብስ ያዛል። እሳቸው ቴሌስኮፕ አዘዙ። የደከመውን ዓይን መስተዋት ያግዘዋል ብለው አስበው ነው። ቴሌስኮፑ በሻንጣ ውስጥ፣ ሌላው ሰው ባዘዘው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከሚሴ ገባ። ትልቁ ቱቦ ደህና ነበር። ከጎኑ የምትቆመው ትንሿ ማነጣጠሪያ ግን መቆሚያዋ ተሰብሮ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ «ትንሿ ትቅርብን፤ ትልቁ ይሄዳል» አሉ። አልሄደም። ትልቁ ቱቦ በደንብ ያቀርባል፤ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ግን በጣም ጠባብ ነው። በሱ ብቻ ጨረቃ መፈለግ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ ጨፋ ሜዳ ላይ የጠፋ ጥጃ መፈለግ ነው። የሸዋል ጨረቃ ደግሞ ቁጭ ብላ አትጠብቅም። ለከሚሴ ምዕራቡ ተራራ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ተከትላት ወደ ተራራው ጀርባ ትወርዳለች። በትንሿ ሰፋ አድርጎ ፈልጎ፣ ውስጧ ባለው መስቀለኛ ክር ላይ አሳርፎ፣ ወዲያው በትልቁ ማየት የግድ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ ማየት አለባቸው። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁና «ገባኝ! ይሄ ሙሽራ ነው፣ ይቺ ሚዜው ናት። ሚዜ የሌለው ሙሽራ የአማቾቹን ቤት ይስታል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሚዜ ሆነ።

ረመዳን መስከረም ላይ የዋለበት ዓመት ነበር። ጾሙ እንደገባ ሚዜዋን ማቆም ጀመርን።

መጀመሪያ ፕላስተር ሞከሩ። ትንሿን ቱቦ ትልቁ ጀርባ ላይ አጋድመው እንደተሰበረ እግር ጠቀለሏት። ጠዋት ቀጥ ብላ የነበረችው በቀትሩ ሙቀት ፕላስተሩ ላልቶ አንገቷን ደፋች። «ጾሙ ከብዷት ነው» አሉ።

ቀጥሎ የባጃጅ ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ቀደው አሰሯት። ጠብቃ ያዘች። ዓይን ሲጠጋት ግን ትነቀነቃለች፤ ሲርቋት ሌላ ቦታ ትቆማለች። «ይቺ ልክ እንደ ልጄ ናት» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ «እሺ፣ እሺ ትላለች እንጂ አትታዘዝም።»

ሦስተኛውን ያደረጉት እኔ ለቀትሩ የዙህር ሶላት በወጣሁበት ሰዓት ነው። ስመለስ በኮላ አጣብቀዋት ደረስኩ። እንደ ድንጋይ ጠንክራለች። አንድ ችግር ብቻ ነበራት፤ ትልቁ ቱቦ ወደ ተራራው ሲያይ ሚዜዋ የምታየው ወደ ዘይነባ መኝታ ቤት መስኮት ነው። ዘይነባ ከዳቦ ቤቷ በላይ ባለው ክፍል ነበር የምትኖረው። ማንም ሳይነግራት ከመንገዱ ማዶ አየችን።

«ጋሽ እንድሪስ! ያ ነገር ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ሰማይ ነዋ!»

«ሰማይ በኔ መስኮት ነው እንዴ የሚገባው?»

«ትልቁ ሰማይ ነው የሚያየው! ትንሿ ናት ያስቸገረችን!»

«በሉ ትንሿን ሥርዓት አስይዟት! ጾም ነው!»

በማግስቱ መስኮቷ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቀለ። እኛም ቢላዋ አግለን ኮላውን ስንፈቀፍቅ ዋልን።

አራተኛው የእኔ ነበር። ከወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ቀለበት ቆረጥኩ። ዙሪያውን በክር ለክቼ ሦስት ቦታ እኩል ከፈልኩና በጋለ ምስማር በሳሁት፤ ሦስት ብሎን ከሦስት አቅጣጫ ሚዜዋን መሀል ላይ እንዲይዟት ነው። ከኋላ ደግሞ ቱቦዋን በላስቲክ ከጠበበ ሌላ ቀለበት ውስጥ ሰካኋት። በልክ የተሠራ ነበር። ግን ወደ አንድ ጎን ትንሽ ለማዞር አንዱን ብሎን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ሌሎቹን ሁለቱን ማላላት ያስፈልጋል። አንዱን ሳላላ ሁሉም ይለቃል። ጋሽ እንድሪስ ሞክረው ሞክረው ቀና አሉ።

«ሚሊሜትር፣ ሥራህ ውብ ነው። ሦስት እጅ ያለው ሰው ፈልግለት። እኛ ይህን ስንፈታ ጨረቃዋ ተራራውን ተሻግራ መርሐቤቴ ትደርሳለች።»

ከፋኝ። ልክ ስለነበሩ ነው የከፋኝ።

መልሱ የመጣው አንድ ወፍራም ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ሊነሳ የገባ ቀን ነው። ጋሽ እንድሪስ ሁለት ጣታቸውን አገጩና ጆሮ ግንዱ ላይ አሳርፈው ጭንቅላቱን ማስተካከል ጀመሩ። መሀል ላይ ደርቀው ቀሩ። ሹፌሩ ጠበቀ፤ ጠበቀና «ጋሼ፣ ጨረሱ?» አለ።

«ዝም በል! ግፋ!»

«ምኑን ነው የምገፋው?»

«አንገትህን! እንደ ቅድሙ ግፋ!» ከዚያ ጣታቸውን ሳያነሱ ጮኹ። «ሚሊሜትር! ና ቁጠር! ስንት ጣት ነው ይሄ?»

«ሁለት።»

«ሦስተኛው የታለ?»

«የለም።»

«የለማ! ሦስተኛው ራሱ ሰውየው ነው! እኔ በሁለት እገፋለሁ፣ እሱ በእልሁ ይመልሳል፣ ጭንቅላቱ መሀል ላይ ይቆማል! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር፤ አላየሁትም!»

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ «ደህና ናቸው?» አለኝ። ፎቶው ላይ እስከ ዛሬ የፈራ ሰው ይመስላል።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ከሦስቱ ብሎኖች አንዱን አወጣሁና በቦታው ሲጫኑት የሚመለስ ሞላ አስገባሁ። ሞላውን ያገኘነው ከአሮጌ ፍላሽ የባትሪ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱ ብሎኖች ይገፋሉ፣ ሞላው ከወዲያ ማዶ ሁልጊዜ ይመልሳል። አንዱን ብሎን በሁለት ጣት ሲያዞሩት መስቀለኛው ክር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሌላውን ሲያዞሩት ወደ ላይ ይወጣል። የሚላላ የለም፤ ዓይንን ማንሳት የለም። ሞላው ስለሚገፋቸው ብሎኖቹ መንገድ ቢያንገጫግጫቸውም በራሳቸው አይዞሩም። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ሳያነሱ ብሎኖቹን እያዞሩ «እልኸኛ! እልኸኛ!» ይሉ ነበር። ከዚያ ለመጣ ሁሉ «ከግመል የተማርኩት ነው» ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ስለ ቀለበቱ የሚጠይቅ ሲኖር ብቻ ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

አሁን ሁለቱን ማስማማት ቀረን። ጋሽ እንድሪስ ትልቁን ቱቦ በዘይነባ ዳቦ ቤት ታፔላ ላይ፣ በተሣለችው ዳቦ ላይ አነጣጠሩና ሚዜዋንም እዚያው አመጧት።

«አይሆንም» አልኩ። «ቅርብ ነው። የራስዎን አፍንጫ ሲያዩ ሁለቱ ዓይኖችዎ ወደ መሀል አይመጡም? እንዲያ ነው የሆነው። በሩቅ ነገር ነው መስማማት ያለባቸው።»

«ዳቦዋ ቅርብ ናት ትላለህ?»

«ቅርብ ናት።»

«ለጾመኛ ዳቦ ምንጊዜም ሩቅ ነው» አሉ። ግን እሺ ብለው ወደ ተራራው አናት፣ እዚያ ወደምትታየው የመብራት ምሰሶ አዞሩት። ያለ «ይሄዳል» ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሀጂ አወል በዚሁ ሰሞን መጡ። ደፍ ላይ ቆመው «አካም ጅርታ፣ እንድሪስ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቁ።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። ና፣ ና እይ።»

ሀጂ አወል ጎንበስ ብለው በሚዜዋ አዩ። ወደ መስጊዱ ዞራ ነበር። ወዲያው ብድግ አሉ። «አስተግፊሩላህ! ሚናራውን ምን አድርገኸው ነው? ተዘቅዝቋል!»

እውነት ነው፤ በዚያች ትንሽ ቱቦ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው። እኔ ስለ መስተዋቱ ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሽ እንድሪስ ቀደሙኝ።

«ደግመህ እይ፣ አትቸኩል። ሚናራው ተዘቅዝቋል፣ ቤቱ ተዘቅዝቋል፣ ዛፉ ተዘቅዝቋል። በዚች ሲታይ ዓለሙ ሁሉ ግንባሩን መሬት ደፍቶ ሱጁድ ላይ ነው። አንተ ብቻ ነህ ቆመህ የምታማኝ።»

ሀጂ አወል ሳቃቸው አምልጧቸው የጋሽ እንድሪስን ሰደርያ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ግን ኮስተር አሉ። «ስማኝ እንድሪስ። ዘንድሮ አብሬህ እወጣለሁ። ካየህ፣ እኔ ራሴ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ‹እንድሪስ አየ፣ አመንኩት› ብዬ እናገራለሁ። ካላየህ ግን ያን ስም ለልጅ ልጆቻችን እናወርሰዋለን።»

«ዱጋ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ዱጋ» አሉ ሀጂ አወል። እውነቴን ነው ማለታቸው ነው። እጅ ለእጅ ተመታቱ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቴሌስኮፑን በባጃጅ ጭነን ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው ጉብታ ወጣን። ከዚያ ሲታይ የምዕራቡ ተራራ ዝቅ ይላል። ጋሽ እንድሪስ ትልቁን ቱቦ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ባጃጇ እንደ በቅሎ ትዘላለች። ስንደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት በምሰሶዋ መፈተሽ ነው።

«እንዴት ነው? ሚዜዋ ሙሽራውን ጥላው ሄደች?» አሉ።

«ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።»

ሰው ቀድሞን ወጥቶ ነበር። ወሬው ጨፋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ከዚያም የመጡ ነበሩ። ዘይነባ ቴምርና ውሃ አስይዛ መጥታለች። ሼህ ሰይድ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ቀድመው ነገሩን፤ «መሣሪያው ይጠቁመን፣ አልከለክልም። ምስክርነት የምቀበለው ግን በዓይኔ አየሁ ካለ ሰው ነው።»

ፀሐይ ገባች። ሰው ጾሙን በቴምር ፈታ፤ ጋሽ እንድሪስ ቴምሩን በአንድ ጉንጫቸው እንደያዙ ሚዜዋ ላይ ጎንበስ አሉ። ቀስ እያሉ የተራራውን ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ አሰሱ። ከቀኝ ወደ ግራ መለሱ። ዳግመኛ ሄዱ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ሲወርድ አየሁ። ቀና ሳይሉ «ሚሊሜትር፣ አንተ ሞክር፤ ወገቤን አመመኝ» አሉ። ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም።

ጎንበስ አልኩ። ፀሐይዋ ከገባችበት ትንሽ ወደ ግራ፣ ከተራራው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በሐመር ሰማይ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ነገር ተዘቅዝቃ አየሁ። ቱቦውን ይዤ መስቀሉን እላይዋ ላይ አመጣሁትና በትልቁ አየሁ። እዚያው መሀሉ ላይ ናት።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይምጡ» አልኩ።

እሳቸው በትልቁ አዩ። ብዙ ቆዩ። በቀኝ ዓይናቸው አዩ፤ በግራው አዩ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ የማየው ከንፈራቸውን ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ቱቦውን ሳይነኩ፣ ሳይገፉ፣ በጥንቃቄ ወደ ኋላ ራቁና «ሀጂ፣ ና እይ» አሉ።

ሀጂ አወል አዩ። «ሱብሃነላህ!» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ። «ክር ናት! ክር!» ሰው ቱቦው ወደሚያመለክተው አቅጣጫ አንጋጠጠ። ከጨፋ ሮቢት ከመጡት አንዱ ጣቱን ዘርግቶ «ኩኖ! ጂኢ ኩኖ!» ብሎ ጮኸ። ይቻት፣ ጨረቃዋ ይቻት። ከዚያ ሁሉም ያለ መሣሪያ በዓይኑ ያያት ጀመር፤ ዘይነባም አየቻት፣ ሼህ ሰይድም አዩዋት። ጉብታው በ«አላሁ አክበር» ተክቢራ ተናጠ።

ሼህ ሰይድ የሰዉን ቃል ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «መጀመሪያ የእንድሪስን እንስማ» አሉ። «ለዚህ ያበቃን እሱ ነው። እንድሪስ፣ አይተሃታል?»

ሁሉም ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ። መልሱ ከሰማይ በላይ ግልጽ ነበር። «አየሁ» ማለት ብቻ ነው፤ ሀጂ አወል ቃላቸውን ለመጠበቅ ጉሮሯቸውን ሳይቀር ጠርገው ተዘጋጅተዋል። ጋሽ እንድሪስ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«አላየሁም» አሉ።

«ምን አልክ?»

«አላየሁም ሼህዬ። ዓይኔ ሞራ ይዞታል። በሁለቱም ሞከርኩ። ጨረቃዋ እንዳለች ከድምፃችሁ አውቃለሁ፤ ግን የጠየቁኝ አየህ ወይ ነው። አላየሁም።»

ሼህ ሰይድ አቀርቅረው «ባረከላሁ ፊክ፣ አላህ ይባርክህ» አሉ በቀስታ። ከዚያ የሌሎቹን ምስክርነት መቀበል ጀመሩ። የሀጂ አወል ተራ ሲደርስ እሳቸው ለሼሁ ከመለሱ በኋላ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ጋሽ እንድሪስ ፊት መጥተው ቆሙ።

«እንድሪስ። ይህ ሁሉ ሰው አየሁ እያለ አንተም አየሁ ብትል ኖሮ ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማንም።»

«ዛሬ መዋሸት እንዲህ ቀሎልህ ሳለ ያልዋሸህ ሰው፣ ያኔ ብቻህን ቆርቆሮ ላይ ቆመህ…» ሀጂ አወል ቃሉን ሳይጨርሱ ጢማቸውን ያዙ። የሆነ ነገር እያሰሉ ነበር። ድንገት ዓይናቸው ፈጠጠ። «ቆይ! ያኔ በእርግጥ አይተህ ከነበረ፣ ያ ዒድ ዒድ ነበር ማለት ነው። እንግዲያ እኔ በኋላ ቀዷ ብዬ የጾምኩት ቀን? በዚያ ፀሐይ? በነጻ ነው የተራብኩት?»

«በነጻ አይደለም» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ሆድህ ትንሽ ጎድሎ ነበር። አምሮብህ ነበር፤ አንስቼሃለሁ፣ ፎቶው አለኝ።»

ሳቁ ከጉብታው ላይ እየተንከባለለ ከተማው ድረስ የወረደ መሰለኝ። ሀጂ አወል ራሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም፤ ኮራ ብለው የሰደርያቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ቴሌስኮፑን ፈታትቼ ስጨርስ መንገዱ መደብዘዝ ጀምሮ ነበር። ሰው ወደ ታች ይጎርፋል። ጋሽ እንድሪስ እስከዚያ ቀን ድረስ መሰናከላቸውን «ጫማው ነው» እያሉ ያለፉ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ግን ሀጂ አወልና ዘይነባ እያዩ መጥተው ክንዴን ያዙ።

«ቀስ በል፣ ሚሊሜትር» አሉኝ፤ «መንገዱ የሚታየው ለአንተ ነው።»